ነገሩን ያላስጨረሱት ሙት

እሳቱን ትንሽ ቆስቁሱት። አታብዙት ግን፤ ይህ ታሪክ ብዙ ብርሃን አይወድም። በሩስ ተቀርቅሯል? መልካም። አንተ እዚያ ጥግ የነበርከው፣ ወደ መሐል ስትጠጋ አይቼሃለሁ። ገና ሳልጀምር ከተጠጋህ፣ ስጀምር ማን ጭን ላይ ልትቀመጥ ነው?

ድሮ ነው። የመንደሩን ስም አልነግራችሁም፤ ዘር ማንዘራቸው አሁንም አለ፣ ይቀየሙኛል። ሰዓቱ ከብት ገብቶ፣ ራት ተበልቶ፣ ጅብ ከጎሬው የሚወጣበት ነው። ከወንዙ ወደ መንደሩ የምትወጣ አንዲት ቀጭን መንገድ አለች። በግራዋ ገደል፣ በቀኟ ቁጥቋጦ። በዚህች መንገድ አንድ ሰው ይሄዳል። ብቻውን ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ብቻውን የሚሄድ ማን ነው? ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ ግንበኛ ነው።

ይሄኛው ግንበኛ ነው። አዛናው ይባላል። ወንዙ ላይ የድንጋይ ድልድይ እየሠራ ነው፤ እርጥቡ ኖራ ቶሎ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ማታ ማታ በሣር እየሸፈነ ውሃ ያርከፈክፍበታል። ሠራተኞቹ በጊዜ ይሄዳሉ። እሱ ይቀራል፤ ይመሽበታል።

አዛናው ከዚያ በፊት ድልድይ ሠርቶ ያውቃል? አያውቅም። የቤተ ክርስቲያን አጥር ገንብቷል፣ የፊታውራሪ ቸኮልን የግቢ በር ገንብቷል። ታዲያ ለምን የድልድይ አለቃ አደረጉት? ድልድይ ወድቆበት ስለማያውቅ ነው። የመንደሩ ወግ እንዲህ ነበር፤ ድልድይ የወደቀበት ሰው ዳግመኛ ድልድይ አይሠራም። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ድልድይ ወድቆበት የማያውቅ ሰው ማን ነው? ድልድይ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ፈልገው ፈልገው አገኙና ሾሙት።

ሌላም ወግ ነበራቸው። ቅስት ሲሠራ መጀመሪያ ከሥሩ የእንጨት ድጋፍ ይቆማል፤ ድንጋዩ በእንጨቱ ላይ ይደረደራል፤ ሥራው ሲያልቅ እንጨቱ ይነሣል። እንጨቱ በሚነሣበት ቀን አለቃው ከቅስቱ ሥር ይቆማል። ለምን? ተጠንቅቆ እንዲሠራ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል፣ አይደል? ቅስቱ ከቆመ ይሸለማል። ከወደቀ ግን፣ ለምን እንደወደቀ ሊነግራቸው የሚችለው ሰው ከድንጋዩ ሥር ነው። ይህን ያሰበ አልነበረም።

መጀመሪያ የሠራው አለቃ ከሩቅ አገር የተጠራ ነበር። ስሙን እንኳ የጠየቀው የለም፤ "እንግዳው" ይሉት ነበር። ሠራ፤ እንጨቱ ተነሣ፤ ቅስቱ ወደቀ፤ እንግዳው ከሥሩ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ። ምን ተማሩ መሰላችሁ? ለወንዙ ጋኔን የታረደው በግ ሆዱ ላይ ነጭ ጠጉር ነበረበት ተባለ። በቃ፣ ጥፋቱ የበጉ ሆነ።

ሁለተኛው አለቃ ጉልላት ነበሩ። የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ለአዛናው የመሮ አያያዝ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በዚህኛው ጊዜ ጥቁር በግ ታረደ። ሽማግሌዎቹ ጠጉሩን በጣታቸው እየገለጡ መርምረውታል። የድልድዩን እግር ግን የመረመረ አልነበረም። እንጨቱ ተነሣ፤ ቅስቱ ወደቀ፤ አለቃ ጉልላት ከሥሩ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ እንደገና መከሩ። በጉስ ደህና ነበር፣ አራጁ ግራኝ ስለሆነ ነው አሉ።

አያችሁ? በየጊዜው ይማራሉ። ስለ በግ የማያውቁት ነገር አልቀረም።

እንግዲህ ሦስተኛው አዛናው ነው። ቅስቱ ተገጥሟል፤ የመሐሉ መዝጊያ ድንጋይ ገብቷል። የቀረው ኖራው እስኪጠና መጠበቅ ነው። ከዚያ እንጨቱ ይነሣል፣ አዛናውም ከሥሩ ይቆማል። ፊታውራሪ ቸኮል ቀኑን ቆርጠዋል፣ እንግዳ ጠርተዋል። አዛናው ሚስት አለችው፣ ትጓደድ የምትባል፤ ነፍሰ ጡር ናት። አሁን በዚያች መንገድ ሲሄድ ምን እያሰበ የሚሄድ ይመስላችኋል? በጉን እያሰበ ነው? አይደለም። ጭንቅላቱ ላይ የሚመጣውን ድንጋይ እያሰበ ነው።

አንድ ማታ ታዲያ፣ መንገዱን ሲያጋምስ ከኋላው ድምፅ ሰማ። ቋ። ቋ። ቋ። መዶሻ ነው፤ ድንጋይ የሚጠርብ መዶሻ። ከየት ነው የሚመጣው? ከወንዙ፣ ከወደቀው የድንጋይ ክምር ውስጥ። አዛናው ቆመ። ድምፁም ቆመ። "ወፍ ነው" አለ ለራሱ። በመዶሻ የሚጠርብ ወፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ቢሆንም ወፍ ነው ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ማታ ድምፅ አልነበረም። ጨረቃ ትንሽ ወጥታለች። አዛናው አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ ከፊቱ የእግር ዱካ አየ። ነጭ ነው። ኖራ የረገጠ እግር ነው። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው፤ እርጥብ ነው። ዱካው ከፊቱ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከመንደሩ አፋፍ ሲደርስ የለም። ተመልሶ አልሄደም፣ ወደ ጎንም አልወጣም። አዛናው ቤቱ ገብቶ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

በሦስተኛው ማታ ሰውየው ራሱ መጣ። ጀርባውን ሰጥቶ ከፊቱ ይሄዳል፤ ከራሱ እስከ እግሩ ኖራ ለብሷል። ይሄዳል፣ ያስላል። ያቺን ሳል አዛናው ያውቃታል። የድንጋይ አቧራ የበላው ደረት ሳል ናት፤ ልጅነቱን በሙሉ አጠገቧ ሆኖ ድንጋይ ሲጠርብ የሰማት ሳል ናት። ሰውየው ዘወር አለ። ፊቱ የአለቃ ጉልላት ፊት ነው፤ ዓይኑ ግን ውስጡ ጨለማ ብቻ ነው።

"አዛናው" አሉ። "የወዲያኛው..."

አዛናው ሮጠ። እግሬ አውጪኝ አለ። ነጠላው እሾህ ላይ ቀረ፣ አልተመለሰለትም። አትሳቁበት፤ እናንተም ትሮጡ ነበር።

ለነገሩ የሮጠው እሱ ብቻ አልነበረም። በማግስቱ ወሬው ሲወጣ ግማሹ መንደር አይቷቸው ኖሯል። አንዷ ውሃ ቀጂ "የወዲያኛው" ሲሉ ሰምታ እንስራዋን ጥላ ሮጣለች። የአህያ ነጋዴው "ከሥሩ" ሲሉ ሰምቶ አህዮቹን ጥሎ ሮጧል። ደብተራው ከሁሉም ደፋር ስለነበረ "አለት አይ..." እስኪሉ ድረስ ቆሞ ከዚያ ሮጧል። እንዲያውም "አለታይ" የጋኔኑ ስም ነው ብሎ ክታብ ጽፎበታል፤ የመንደሩ ሕፃን ሁሉ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ምስኪኑ ሙት አንዲት ነገር ሊናገሩ በየማታው ከመቃብር ይነሣሉ፤ መንደሩ ደግሞ ነገራቸውን እንደ ሥጋ ቅርጫ ተከፋፍሎ ይዞታል። ቁራጩን ከቁራጩ የገጠመ ግን የለም።

ትጓደድ ይህን ሁሉ ሰምታ ባሏን አየችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ጋሽ ጉልላት በሕይወታቸው መትተውህ ያውቃሉ?"

"ኧረ እሳቸው። ክፉ እንኳ ተናግረውኝ አያውቁም።"

"ታዲያ ሞተው ለምን ይመቱሃል? እሳቸውን ሰምቶ የሞተ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ድልድዩ ሥር ቆሞ የሞተስ?"

አዛናው ሁለት ጣቱን አነሣ።

"እንግዲያው የምትፈራውን ለይተህ ፍራ" አለችው። "ይህን ልጅ ብቻዬን አላሳድግም። ሄደህ አስጨርሳቸው።"

ሴት ስትቆጣ ጣረ ሞት ይሻላል ትላላችሁ? እኔ አላልኩም። አዛናው ግን በዚያው ማታ ሄደ።

ሄዶ መንገዱ መሐል ቆመ። እንዳይሮጥ መቀነቱን ከዛፍ ጋር አሰረ። ቆየ። መጀመሪያ መዶሻው ተሰማ። ቀጥሎ ነጩ ዱካ መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ወደ እሱ ነው የመጣው፣ የሚረግጠው እግር ግን አይታይም። ቀጥሎ ሳሉ። ከዚያ ፊቱ፣ ከፊቱ አጠገብ። ብርድ አለው፤ እርጥብ ኖራ ይሸታል።

"አዛናው" አሉ። "የወዲያኛው ዳር አለት አይደለም።"

አዛናው ዓይኑን ጨፈነ እንጂ አልሮጠም። ዛፉም አልለቀቀውም።

አለቃ ጉልላት ግንባራቸውን አሻሹ። አስጨርሷቸው የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ቀጥሎ ያለውን ሊረሱት ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ "ከሥሩ ጭቃ ነው። ላዩ ሰፊ ድንጋይ ስለሆነ አለት ይመስላል፤ ምንጭ ግን ከታች ያርሰዋል። ቅስት ወደ ታች ብቻ የሚጫን ይመስልሃል፤ ወደ ጎንም ይገፋል። ሁለት ሰዎች ተደጋግፈው ቢቆሙና የአንዱ እግር ቢንሸራተት ሁለቱም ይወድቃሉ። ከላይ፣ ወንዙ በሚጠብበት ቦታ፣ ሁለቱም ዳር እውነተኛ አለት ነው። ወደዚያ ውሰደው።"

አዛናው ፍርሃቱን ረሳ። የሙያ ነገር ሲነሣ ግንበኛ ሁሉን ይረሳል። "ጋሼ" አለ፣ "ይህን መቼ ደረሱበት? ከሞቱ በኋላ ነው?"

"ከሞቱ በኋላ የሚማሩት ነገር የለም፣ ልጄ። እንጨቱ ሳይነሣ ነው ያወቅሁት። በወዲያኛው እግር ላይ ስንጥቅ አየሁ፤ ጣቴ ገባበት።"

"አይተው ምን አደረጉ?"

"ኖራ ለቀለቅሁበት።"

"ለምን?"

"እንግዳ ተጠርቶ ነበር። በጉም ተገዝቶ ነበር። ፊታውራሪም ደስ ብሏቸው ነበር።" አለቃ ጉልላት አሳላቸው፤ ከአፋቸው ነጭ አቧራ ወጣ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በዚያ ጨለማ ዓይናቸው አዩት። "አንተስ፣ አዛናው? የወዲያኛውን እግር አይተኸዋል?"

አዛናው ዓይኑን ሰበረ። አይቶት ነበርና። ባለፈው ሳምንት ነው ያየው፤ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ናት። "ምንም አይደል" ብሎ ኖራ ለቅልቆባታል። ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። አሁን መቀነቱን ከዛፉ ሲፈታ ፈርቶ ነበር፤ የፈራው ግን ሙቱን አልነበረም።

ሲነጋ ወንዙን ተሻገረ። መሮውን አውጥቶ የገዛ ኖራውን ፋቀው። ፀጉር የምታክለው ስንጥቅ አሁን ጣት ታስገባለች።

ቀጥታ ፊታውራሪ ቸኮል ዘንድ ሄደ። ፊታውራሪ ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ክፋት የሌላቸው ሰው ነበሩ። ክፋት የሌለው ጌታ ጥሩ ነው፤ እሳቸው ግን ጆሮም አልነበራቸውም። አዛናው እጅ ነስቶ ሁሉን ነገራቸው። ድልድዩ ወደ ላይ፣ ወደ ጠባቡ ቦታ ይሂድ አላቸው።

"ወደ ላይ ከሄደ መንገዱ በየት ሊያልፍ ነው?" አሉ ፊታውራሪ።

"በወዲያ በኩል፣ ጌታዬ። በገደሉ አናት።"

"በእኔ ደጃፍስ?"

"በጌታዬ ደጃፍ አያልፍም።"

"ታዲያ መንገደኛው ማንን እጅ ሊነሣ ነው? ገደሉን?" ፊታውራሪ በራሳቸው ነገር ሳቁ፤ አሽከሮቹም ሳቁ። "ይህን ማን ነገረህ?"

"አለቃ ጉልላት።"

"ጉልላት የሞተው?"

"አዎ ጌታዬ።"

ፊታውራሪ ጢማቸውን አሻሹ። "እኔ ሙት አልንቅም" አሉ። "የአባቴ ሙት በሕልሜ መጥቶ ቢመክረኝ እሰማለሁ። ግን እስቲ አስበው። ጉልላት ድልድዩ ወድቆበታል። ድልድይ የወደቀበት ሰው ስለ ድልድይ ምን ያውቃል? ድልድይ ያልወደቀበት ጣረ ሞት ካለ አምጣልኝና እሰማዋለሁ።"

ምን ይባላል? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። አዛናው እጅ ነስቶ ወጣ።

ለሚስቱ ሁሉን ነገራት፤ የለቀለቀውን ኖራም ነገራት። ትጓደድ እጁን ያዘችው። ከዚያ፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አለች። "ለእኔ ተናገርክ። ለሌላው ደግሞ ተናገር።"

"ያዋርዱኛል።"

"ያዋርዱህ። የተዋረደ ባል ይሻለኛል።"

ቀኑ ደረሰ። የተጠሩት ሁሉ መጥተዋል፤ ድንኳን ተተክሏል፤ ጥቁር በግ ግራኝ ባልሆነ ሰው እጅ ታርዷል። ፊታውራሪ ጥላ ተይዞላቸው ተቀምጠዋል። መዶሻ የያዙ ጎረምሶች እንጨቱን ሊያነሡ ተዘጋጅተዋል። አለቃው ወደ ቦታው ይግባ ተባለ።

አዛናው ሕዝቡ መሐል ቆመ። 

"አልገባም" አለ። "የወዲያኛው እግር ተሰንጥቋል። ስንጥቁን አይቼ ኖራ የለቀለቅሁበት እኔ ነኝ። ይህ ድልድይ ይወድቃል።"

በዚያ አገር "አጠፋሁ" ብሎ የተናገረ የመጀመሪያው አለቃ እሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ለመናገር ጊዜ አላገኙም። ሕዝቡ ምን አለ መሰላችሁ? ሳቀ። "ፈሪ ነው" አለ። አንዱ ሽማግሌ ተነሥቶ የበጉን ቆዳ አሳየው፤ ይኸው፣ አንድ ነጭ ጠጉር የለም አለው። ፊታውራሪ በእንግዳ ፊት አፈሩ፤ ሲያፍሩ ደግሞ ሳቃቸው ይጠፋል።

"ጎትታችሁ አስገቡት" አሉ።

ሁለት አሽከሮች ክንዱን ያዙት። ትጓደድ ጮኸች፤ ሴቶቹ ያዟት። አዛናውን በዳገቱ ቁልቁል፣ በጠጠሩ ላይ እየጎተቱ እስከ ቅስቱ አፍ ወሰዱት። ከዚያ አሽከሮቹ ቆሙ።

ለምን ቆሙ?

ከቅስቱ ሥር ሰው ነበረ። በጠራራ ፀሐይ ነው። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከራስ እስከ እግር ነጭ ናቸው። አንደኛው አለቃ ጉልላት ናቸው። ሌላኛው ስሙን ማንም ያልጠየቀው እንግዳው ነው። ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ግን ተጠጋግተው አይደለም። መሐላቸው አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትተዋል። አዛናውን ሲያዩ እንግዳው ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ቦታ ሲያሰፋለት ነው።

አሽከሮቹ እጁን ለቀቁ። ጎረምሶቹ መዶሻቸውን ጣሉ። ሕዝቡ ሸሸ፣ ድንኳኑ ተረገጠ፣ ፊታውራሪ ከነጥላቸው ተነሥተው ሮጡ፤ ወፍራም ሰው እንዲያ ሲሮጥ ከዚያ በኋላ ታይቶ አያውቅም። ደብተራው ክታቡን እየቀደደ ሮጠ። አዛናው ግን አልሮጠም። መሮጥ ቢፈልግም እግሩ ከድቶት ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ።

ስለዚህ አየ። እንጨቱን ማንም አልነካውም፤ ቅስቱ በራሱ መናድ ጀመረ። መጀመሪያ የወዲያኛው እግር፣ ያ ሰፊ ድንጋይ፣ ጭቃው ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። ቀጥሎ የመሐሉ ድንጋይ ወረደ። ቀጥሎ ሁሉም ወረደ፤ እንጨቱንም ይዞት ሄደ። አቧራው ሲረግብ ከሥሩ ማንም አልነበረም። ድልድይ ሲወድቅ በሕይወት ተቀምጦ ያየ አለቃ በዚያ አገር የመጀመሪያው እሱ ነው፤ አለቀሰም፤ ያለቀሰው ለድልድዩ አልነበረም።

ከዚያማ የሚሆነው ሆነ። ፊታውራሪ እንግዶቹ ባሉበት ወደ ወንዙ ተመልሰው፣ "እኔ ድሮም ወደ ላይ ይሂድ ብዬ ነበር" አሉ። እንግዶቹ አመኑ፤ አሽከሮቹም ሰምተን ነበር አሉ። አዛናው የወደቀውን ክምር ማንም እንዳያነሣ ከለከለና ግንበኝነት የሚማሩ ልጆችን እዚያ እያስቀመጠ እንዴት እንደወደቀ አስተማራቸው። ከቅስቱ ሥር የቆሙትን ያየ ሁሉ የድሮውን ወግ ሊያነሣበት አልደፈረም፤ ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ በጠባቡ ቦታ፣ በእውነተኛው አለት ላይ ሠራ። እንጨቱ ሲነሣ እሱ ዳር ቆሞ በዓይኑ ያይ ነበር። ቅስቱ ቆመ። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው መከሩ፤ በዚህኛው ጊዜ በግ ስላልታረደ ነው የቆመው ብለው ተስማሙ።

አለቃ ጉልላት ከዚያ በኋላ በመንገዱ ላይ አልታዩም። ነገራቸውን ጨርሰዋል። የጨረሰ ሰው መንገደኛ አያስቆምም።

በድሮው ቦታ ግን፣ ከክምሩ አጠገብ፣ ሲመሽ የሚያልፉ እስከ ዛሬ ያዩዋቸዋል ይባላል። ኖራ የለበሱት ሁለቱ ሙታን ጎን ለጎን ቆመዋል። አይናገሩም፤ የሚሉት አልቀራቸውም። መሐላቸው ያለው ቦታ ግን አሁንም ክፍት ነው። አዛናው አልሞላውም፤ ተናግሮ አመለጠ። እነሱ ደግሞ ይጠብቃሉ። ግንበኛ ብቻ የሚጠብቁ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ስንጥቅ አይቶ ኖራ የለቀለቀ ሰው ሁሉ ይበቃቸዋል።

እሳቱ እየጠፋ ነው፤ እኔም ልነሣ። ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መሐል በቤቱ፣ በሥራው፣ በወዳጁ ነገር ስንጥቅ አይቶ፣ "ምንም አይደል" ብሎ ኖራ የለቀለቀ አለ?

ዝም አላችሁ። እንግዲያው ዛሬ ማታ ማንም ብቻውን ወደ ቤቱ አይሂድ።